ሰርቨር ላይ ያለ ፋይል ለማስተካከል ናኖ ይበቃኛል?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ቢሮዬ ሜክሲኮ አካባቢ ነው። ሥራዬ ሒሳብና አስተዳደር ነው። የድርጅታችንን ድረ ገጽ ይይዝ የነበረው ልጅ ሥራ ሲለቅ የሰርቨሩ ይለፍ ቃል ለእኔ ተሰጠኝ። ሰርቨሩ ኡቡንቱ ነው፤ ከዊንዶውስ ኮምፒውተሬ በኤስኤስኤች ነው የምገባው። አንድ ስልክ ቁጥር ልቀይር ብዬ ቪም ውስጥ ገባሁ። መውጣት አቅቶኝ መስኮቱን ዘጋሁት። አሁን ያንኑ ፋይል ስከፍት ረጅም የእንግሊዝኛ ማስጠንቀቂያ ይመጣል። ናኖ ቀላል ነው ይሉኛል። ጓደኛዬ ደግሞ ‹ቪም ካልቻልሽ ሰርቨር አትንኪ› አለኝ። የቱን ልማር? መብራት ሲጠፋስ የጻፍኩት የት ይገባል?»

እህቴ፣ ለያዝሽው ሥራ ናኖ ይበቃሻል። ናኖም ቪምም ተርሚናል ላይ፣ ማለትም ትእዛዝ በሚጻፍበት መስኮት ውስጥ፣ ፋይል ማረሚያ ፕሮግራሞች ናቸው። ይህን የምለው ቀላል ስለሆነ ብቻ አይደለም። ድረ ገጽሽን ከመውደቅ የሚያድነው ፋይሉን ከመንካትሽ በፊትና ከነካሽው በኋላ የምታደርጊው ጥንቃቄ ነው። እሱ ደግሞ በናኖም በቪምም ያው ነው። ከአራት ኪሎ እስከ ሜክሲኮ ባሉ ቢሮዎች ያንቺን ዓይነት ታሪክ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። አንድ ልጅ ሁሉንም ነገር በጭንቅላቱ ይይዛል፤ ሲለቅ ይለፍ ቃሉ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ ትንሽ ዘርዘር አድርጌ ልመልስልሽ።

መጀመሪያ ያንን ማስጠንቀቂያ እናንሳው። ቪም ፋይል ሲከፍት አጠገቡ የተደበቀ ጊዜያዊ ፋይል ይፈጥራል። መስኮቱን ስትዘጊው ያ ጊዜያዊ ፋይል እዚያው ቀረ። ዋናው ፋይልሽ አልተበላሸም። ቪም የሚልሽ «ይህን ፋይል ሌላ ሰው ከፍቶት ሊሆን ይችላል፣ ወይም ባለፈው ሥራው በድንገት ተቋርጧል» ነው። ከታች አማራጮች ይደረደራሉ። ባለፈው የጻፍሽው የሚያስቆጭ ነገር ከሌለና የማጥፋት አማራጩ ከተዘረዘረ ዲን ተጫኚ፤ ጊዜያዊው ፋይል ይጠፋል። ከዚያ ከቪም ለመውጣት ኢስኬፕን ተጫኚ፣ ሁለት ነጥብ (:) ጻፊ፣ ኪው ጻፊ፣ ቃለ አጋኖ (!) ጨምሪና ኢንተር በዪ። ምንም ሳይቀየር ትወጫለሽ። ናኖ ብቻ ለመጠቀም ብትወስኚም ይህቺን መውጫ ያዣት። አንዳንድ ትእዛዞች ሳትጠይቂያቸው ቪምን ወይም ከእሱ በፊት የነበረውን ቪአይን ይከፍቱብሻል።

አሁን ወደ ናኖ እንምጣ። ተርሚናሉ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ናኖ ብለሽ ትጽፊያለሽ፣ ስፔስ፣ ከዚያ የፋይሉን ስም፣ ከዚያ ኢንተር። ፋይሉ ካለ ይከፈታል፤ ከሌለ ባዶ ገጽ ይመጣል። የምታውቂውን ፋይል ከፍተሽ ባዶ ገጽ ካየሽ ስሙን ተሳስተሻል ወይም ያለሽው ሌላ ፎልደር ውስጥ ነው ማለት ነው። ምንም ሳትጽፊ ውጪና ስሙን አስተካክለሽ ድገሚ።

እንደተከፈተ ወዲያውኑ መጻፍ ትችያለሽ። ከቪም ዋናው ልዩነቱ ይህ ነው። ቪም ውስጥ ለመጻፍና ለማዘዝ የተለያዩ ሁኔታዎች አሉ፤ ናኖ ውስጥ የጻፍሽው ፊደል ሁሌም ፊደል ነው። ማዘዝ ስትፈልጊ ኮንትሮልን ወይም ኦልትን ይዘሽ ሌላ ፊደል ትጫኛለሽ። ማውሱን እርሺው፤ የምትንቀሳቀሺው በቀስቶቹ ነው።

የስክሪኑን የታችኛዎቹን ሁለት መስመሮች ግን በደንብ እዪአቸው። ትእዛዞቹ እዚያ ተጽፈዋል። ከፊደሉ በፊት ያለችው ጣሪያ የምትመስል ምልክት (^) ኮንትሮል ማለት ናት። ትልቁ ኤም ከሰረዝ ጋር ከመጣ ኦልት ማለት ነው። ፊደሎቹ በትልቁ ቢጻፉም ሺፍት አያስፈልግም። ከእነዚህ መስመሮች ትንሽ ከፍ ብሎ ደግሞ ናኖ የሚያናግርሽ ቦታ አለ። ስንት መስመር እንዳነበበ፣ ስንት መስመር እንደጻፈ፣ ምን እንደከለከለው የሚነግርሽ እዚያ ነው። አብዛኛው ጀማሪ ዓይኑን ጽሑፉ ላይ ተክሎ ይህን መልእክት ሳያየው ያልፋል። የችግሩ መልስ ግን ብዙ ጊዜ እዚያ ተጽፎ ይገኛል።

ሴቭ ማድረግ ኮንትሮልና ኦ ነው። ስትጫኚው ናኖ «በምን ስም ልጻፈው?» ይልሻል፤ የነበረውንም ስም ያሳይሻል። ኢንተር ትያለሽ፣ አለቀ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሴቭ ያደረገ መስሎት ሳይጨርስ ይቀራል፤ ኢንተሩን ይረሳዋል። «ይህን ያህል መስመር ተጻፈ» የሚለውን መልእክት እስክታዪ ድረስ ሴቭ አልሆነም። መውጫው ኮንትሮልና ኤክስ ነው። ያልተቀመጠ ለውጥ ካለ «ላስቀምጠው?» ብሎ ይጠይቅሻል። ዋይ ካልሽ ያስቀምጣል፣ ግን ስሙን እንደገና ይጠይቅሻል፤ ኢንተር በዪ። ኤን ካልሽ ለውጡን ጥሎ ይወጣል። ሐሳብሽን ከቀየርሽ ኮንትሮልና ሲ ወደ ጽሑፉ ይመልስሻል። ምን እንደነካሽ ካላወቅሽ ኤን ብለሽ መውጣት ነውር የለውም። ፋይሉ ከመክፈትሽ በፊት እንደነበረ፣ ወይም ለመጨረሻ ጊዜ ሴቭ እንዳደረግሽው ይቀራል።

ቀጥሎ የሚገጥምሽን አሁኑኑ ልንገርሽ። ኢቲሲ በሚባለው ፎልደር ውስጥ ያሉ የሰርቨሩ ማስተካከያ ፋይሎች የአስተዳዳሪው ናቸው። በራስሽ ስም ከከፈትሻቸው ታነቢያቸዋለሽ እንጂ ልትቀይሪያቸው አትችይም። አዳዲስ የናኖ ስሪቶች ገና ስትከፍቺው ፋይሉ እንደማይጻፍበት ይነግሩሻል። ካላየሽው ግማሽ ሰዓት ደክመሽ ኮንትሮልና ኦ ስትዪ «ፈቃድ የለሽም» የሚል መልስ ይመጣል። በዚህ ጊዜ አትደንግጪ፣ መስኮቱንም አትዝጊ። ኮንትሮልና ኦን እንደገና ተጫኚ። የሚያሳይሽን ስም አጥፊውና በቦታው የራስሽን ሆም ፎልደር (የራስሽ ፋይሎች የሚቀመጡበትን) አድራሻና አዲስ ስም ጻፊ። ናኖ በሌላ ስም ልታስቀምጪ መሆንሽን ሊያረጋግጥ ይጠይቅሻል፤ ዋይ በዪ። ጽሑፍሽ ተረፈ። ከዚያ ወጥተሽ በሱዶ (ትእዛዝን በአስተዳዳሪው ሥልጣን በሚያሠራው ቃል) አማካይነት ያንን ቅጂ ወደ ዋናው ፋይል ትገለብጪዋለሽ። ሲፒ በሚባለው ትእዛዝ ነባር ፋይል ላይ ስትገለብጪ የነባሩ ባለቤትና ፈቃድ ስለማይቀየር በዚህ በኩል ስጋት የለም። በሚቀጥለው ጊዜ ግን ገና ከመጀመሪያው ከናኖ በፊት ሱዶ ብለሽ ክፈቺ።

ሱዶን ግን ለሁሉም ፋይል አትልመጂው። የራስሽን ማስታወሻ ለመጻፍ አያስፈልግም። ሱዶ ካለ ደግሞ ናኖ ምንም አይከለክልሽም፤ የተሳሳተ ፋይል ብትከፍቺም ይጽፍልሻል።

የዊንዶውስ ልማድ እዚህ ያሳስትሻል። ኮንትሮልና ቪ በብዙ ተርሚናሎች ፔስት አያደርግም፤ አንድ ገጽ ወደ ታች ይወስድሻል። ኮንትሮልና ሲም ኮፒ አያደርግም፤ ያለሽበትን መስመር ቁጥር ይነግርሻል። ከዊንዶውስ የመጣ ጽሑፍ ለመለጠፍ በፑቲ (ከዊንዶውስ ወደ ሰርቨር መግቢያ ፕሮግራም) ከሆነ የማውሱን ቀኝ ቁልፍ መጫን ነው፤ በሌሎች ተርሚናሎች ብዙ ጊዜ ሺፍትና ኢንሰርት ይሠራል። ኮንትሮልና ኤስ በአዳዲሶቹ ስሪቶች ወዲያው ሴቭ ያደርጋል። በአሮጌዎቹ ግን ሴቭ አያደርግም። ከናኖ ውጭ፣ ባዶው ተርሚናል ላይ ብትጫኚው ደግሞ ተርሚናሉን ቀጥ ያደርገዋል፤ የምትጽፊው ሁሉ አይታይም። ኮምፒውተሩ የሞተ ይመስላል፣ ግን አልሞተም። ኮንትሮልና ኪው ሲጫኑት ይለቃል። የሰርቨር አቅራቢሽ በብራውዘር የሚከፈት ተርሚናል ሰጥቶሽ ከሆነ ደግሞ ለመፈለግ ኮንትሮልና ደብሊውን አትጫኚ። ብራውዘሩ ገጹን ራሱን ይዘጋብሻል። በምትኩ ኤፍ 6 ይፈልጋል፣ ኤፍ 3 ሴቭ ያደርጋል፣ ኤፍ 2 ያስወጣል።

በተራ ተርሚናል ግን መፈለጊያው ያው ኮንትሮልና ደብሊው ነው። የድሮውን ስልክ ቁጥር ጻፊና ኢንተር በዪ፤ ወደ ቦታው ይወስድሻል። ኦልትና ደብሊው ወደሚቀጥለው ያሻግርሻል። ቁጥሩ ብዙ ቦታ ካለ ኮንትሮልን ይዘሽ ወደ ኋላ ያዘመመውን መስመር (\) ስትጫኚ የመተኪያ ጥያቄ ይመጣል። እያንዳንዱን እያሳየ ይጠይቅሻል። «ሁሉንም» የሚለውን ኤ ከመምረጥሽ በፊት ሁለት ሦስቱን አንድ በአንድ ዋይ እያልሽ እለፊ። አጭር ቃል ስትተኪ የማትጠብቂው ቦታ ውስጥ ተሰንቅሮ ሊገኝ ይችላል።

ኮንትሮልና ኬ ከርሰሩ ያለበትን መስመር በሙሉ ይቆርጣል፤ ኮንትሮልና ዩ ይለጥፈዋል። ኬን ደጋግመሽ ከተጫንሽ የቆረጥሻቸው መስመሮች አብረው ይከማቻሉ፣ በአንድ ዩ ሁሉም ይመለሳሉ። መስመር ኮፒ ለማድረግ ኦልትና 6 ነው። የተሳሳትሽውን ለመመለስ ኦልትና ዩ። ሌላው ሁሉ ኮንትሮልና ጂ ስትጫኚ በሚከፈተው መመሪያ ውስጥ አለ። አሁን በቃልሽ ማጥናት አያስፈልግሽም።

ሰርቨሩ «መስመር 45 ላይ ስህተት አለ» ሲልሽ ናኖ፣ ስፔስ፣ የመደመር ምልክትና 45 አያይዘሽ፣ ስፔስ፣ የፋይሉን ስም ጻፊ። ቀጥታ እዚያው መስመር ላይ ይከፍትልሻል። የመስመር ቁጥሮች በግራ በኩል እንዲታዩ ከፈለግሽ ከናኖ ቀጥሎ ሰረዝና ትንሹን ኤል ጨምሪ። ሰርቨርሽ አሮጌ ከሆነ አንድ ነገር ተጠንቀቂ። እ.ኤ.አ. በ2019 ከወጣው ስሪት 4.0 በፊት የነበሩት ናኖዎች ረጅም መስመር ላይ ስትጽፊ ራሳቸው መስመሩን ሰብረው ወደ ታች ያወርዱ ነበር። ለደብዳቤ ጥሩ ነው፤ የማስተካከያ ፋይል ግን ያበላሻል። በእንደዚህ ዓይነት ሰርቨር ላይ ሰረዝና ትንሹን ደብሊው ጨምረሽ ክፈቺ።

አሁን ዋናው ቦታ ላይ ደረስን።

ማንኛውንም የማስተካከያ ፋይል ከመክፈትሽ በፊት ቅጂ አውጪ። ሲፒ፣ የፋይሉ ስም፣ ከዚያ የሆም ፎልደርሽ አድራሻና መጨረሻው ላይ ቀኑ የተጨመረበት ስም። ቅጂውን ዋናው ፋይል አጠገብ ለምን አላስቀምጠውም ትዪ ይሆናል። ሁለት ምክንያት አለኝ። አንደኛ፣ ኤንጂንኤክስ (ድረ ገጽን ለጎብኚ የሚያቀርብ ፕሮግራም) በኡቡንቱ ላይ የበሩ ድረ ገጾች ዝርዝር ባለበት ፎልደር ውስጥ ያገኘውን ፋይል ሁሉ ያነባል። ቅጂሽን እዚያ ካስቀመጥሽው እሱንም እንደ ሌላ ድረ ገጽ ይወስደውና ይጋጭብሻል። ሁለተኛው ይብሳል። የድረ ገጹ ፋይሎች ባሉበት ፎልደር ውስጥ የዳታቤዝ ይለፍ ቃል የያዘ ፋይል ቅጂ በተለየ መጨረሻ ብታስቀምጪ፣ ሰርቨሩ እንደ ተራ ጽሑፍ ለጠየቀው ሁሉ ሊያሳየው ይችላል። ይለፍ ቃሉ በአደባባይ ወጣ ማለት ነው። በቅድሚያ ያ የለቀቀው ልጅ እንዲህ ያሉ ቅጂዎች ትቶ እንደሆነ ፎልደሩን ፈትሺ።

ፋይሉን ቀይረሽ ከወጣሽ በኋላ ዲፍ በሚባለው ትእዛዝ ቅጂውንና አዲሱን አወዳድሪ። የተለወጡትን መስመሮች ብቻ ያሳይሻል። አንድ ስልክ ቁጥር ቀይረሽ ዲፍ አራት መስመር ካሳየሽ ሳታውቂ የነካሽው ነገር አለ። እጅ አንድ ፊደል ላይ ሳይታወቅ ማረፉ በጣም የተለመደ ነው፤ ዓይን ብዙ ጊዜ አያየውም፣ ዲፍ ግን ያየዋል።

ከዚያ ፈተናው። አገልግሎቱን ሪስታርት ከማድረግሽ በፊት ፋይሉ ትክክል መሆኑን ራሱን ሰርቨሩን ጠይቂው። ኤንጂንኤክስ ከሆነ ሱዶ፣ ኤንጂንኤክስ፣ ሰረዝ ቲ። ስህተት ካለ ፋይሉንና መስመሩን ይነግርሻል፤ ድረ ገጹ ግን በድሮው ማስተካከያ መሥራቱን ይቀጥላል። ሳትፈትሺ ሪስታርት ካደረግሽ ይወድቃል። የሱዶ ፈቃዶችን ፋይል ለመቀየር ደግሞ ናኖን በቀጥታ አትጠቀሚ። ቪሱዶ የሚባል ትእዛዝ አለ። ስሙ ቪ ቢኖረውም በኡቡንቱ ላይ ብዙ ጊዜ የሚከፍተው ናኖን ነው፤ ስትወጪም ስህተት እንዳለው ፈትሾ ያስጠነቅቅሻል። የኤስኤስኤች ማስተካከያን ከነካሽ ደግሞ የገባሽበትን መስኮት ሳትዘጊ ሌላ መስኮት ከፍተሽ መግባት መቻልሽን አረጋግጪ። ሁለተኛው እምቢ ካለ በመጀመሪያው ትመልሽዋለሽ። መጀመሪያ ከወጣሽ ግን በሩን ከውጭ ቆልፈሽዋል።

የአማርኛ ነገር እንዳይረሳ። የድረ ገጻችሁ ጽሑፍ አማርኛ ይኖረዋል ብዬ እገምታለሁ። ናኖ የግእዝ ፊደል ይጽፋል፣ ያነባልም። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ (ለዓለም ፊደሎች የኮምፒውተር ቁጥር በሚሰጠው ዝርዝር) የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ በዩቲኤፍ 8 አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል። ስለዚህ የሰርቨሩ የቋንቋ ማስተካከያ ዩቲኤፍ 8 መሆን አለበት። የጥያቄ ምልክት ወይም የተዘበራረቀ ነገር ካየሽ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሱ ነው። ባዶ ሣጥን ካየሽ ደግሞ ችግሩ ያንቺ ኮምፒውተር ላይ ነው፤ ተርሚናሉ የመረጠው ፎንት የግእዝ ፊደል የለውም። ሁሉም ቢስተካከል እንኳ ተርሚናል ለእያንዳንዱ ፊደል እኩል ጠባብ ቦታ ስለሚሰጥ ፊደሎቻችን ተጨናንቀው አንዱ በአንዱ ላይ ሊደረቡ ይችላሉ። በዚህ ላይ ረጅም ጽሑፍ ማረም ዓይን ያደክማል። አንድ ቃል ለማረም ናኖ ይሁን። ሙሉ ማስታወቂያ ከሆነ ኮምፒውተርሽ ላይ በዩቲኤፍ 8 ጽፈሽ ላኪው።

ከሁሉም በላይ ትእዛዝ ስትሰጪ ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ መልሺው። በማስተካከያ ፋይል ውስጥ የእኛ ሁለት ነጥብ (፡) እና የእንግሊዝኛው (:) ለዓይን ይመሳሰላሉ፤ ለሰርቨሩ ግን ጭራሽ አይገናኙም። ሰው በቴሌግራም የላከልሽን ወይም ከወርድ የገለበጥሽውን ትእዛዝም እንዳለ አትለጥፊ። ቀጥ ያለው የጥቅስ ምልክት ወደ ጎባጣው፣ ሁለት ተከታታይ ሰረዝ ወደ አንድ ረጅም ሰረዝ ተቀይሮ ሊመጣ ይችላል። ምልክቶቹን አጥፍተሽ በእጅሽ ጻፊያቸው። በዊንዶውስ ተጽፎ የመጣ ፋይል ስትከፍቺም ናኖ ከታች ከዶስ ቅርጽ (ዊንዶውስ መስመር ከሚጨርስበት መንገድ) እንደለወጠው ይነግርሻል። ይህን ካየሽ በኮንትሮልና ኦ ሴቭ ስታደርጊ ስሙን በሚጠይቅሽ ሰዓት ኦልትና ዲን ተጫኚ፤ ሰርቨሩ በሚፈልገው በዩኒክስ ቅርጽ ያስቀምጠዋል። ይህ ካልተደረገ አንዳንድ ስክሪፕቶች በማይታይ ምልክት ምክንያት አልሠራም ይላሉ፤ ምክንያቱን ለማግኘት ደግሞ ቀን ሊፈጅ ይችላል።

ጓደኛሽ ስለ ቪም ያለው ከፊሉ እውነት ነው። ቪአይን ቢል ጆይ በበርክሊ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው፤ ቪምን ደግሞ ብራም ሞሌናር በ1991 አወጣው። ከእነሱ አንዱን የማታገኚበት የዩኒክስ ማሽን ብርቅ ነው። ቀኑን ሙሉ ኮድ ለሚጽፍ ሰው ቪም ትልቅ ጉልበት ይሰጣል። ደግሞ የማከብረው ነገር አለው፤ ባዶውን ስትከፍቺው የመግቢያ ስክሪኑ በዩጋንዳ ያሉ ድሃ ልጆችን እንድትረጂ ይጠይቅሻል። ናኖ ግን የተሠራው እንዳንቺ ላለው ሰው ነው። መነሻው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ከኢሜይል ፕሮግራሙ ጋር ያወጣው ፒኮ የሚባል ኤዲተር ነው። የፒኮ ፈቃድ እንደልብ የሚያሠራ ስላልነበረ ክሪስ አሌግሬታ እ.ኤ.አ. በ1999 ተመሳሳዩን በነፃ ፈቃድ ጻፈ። ትእዛዞቹን ከታች የማሳየት ነገርም ከዚያ የመጣ ነው። በሳምንት አንዴ ስልክ ቁጥርና የሥራ ሰዓት ለመቀየር ቪም ይማሩ ማለት ተገቢ አይመስለኝም። ሥራው ከሰፋና ከወደድሽው ያኔ ትማሪዋለሽ።

መብራቱን በተመለከተ መልሱ የሚጠፋው የትኛው ማሽን እንደሆነ ላይ ይወሰናል። ናኖ ራሱ በየደቂቃው አያስቀምጥም። ሰርቨሩ ራሱ ቢሮ ውስጥ ሆኖ አብሮ ከጠፋ ሴቭ ያላደረግሽው ሁሉ የለም። ሰርቨሩ ሌላ ቦታ ከሆነና የጠፋው ያንቺ ኮምፒውተር ወይም የዋይፋዩ ሣጥን ከሆነ ተስፋ አለ። ሰርቨሩ ግንኙነቱ መቋረጡን ሲያውቅ ናኖ ከመዘጋቱ በፊት ያልተቀመጠውን ጽሑፍ በዚያው ስም መጨረሻ ላይ ነጥብና ሴቭ የሚል ቃል ጨምሮ ያስቀምጠዋል። መብራቱ ሲመለስ የፋይሉን ፎልደር ዘርዝረሽ እዪ፤ ካገኘሽው በዲፍ ከዋናው ጋር አወዳድሪ፣ የሚፈለገውን ወስደሽ ቀሪውን አጥፊ። በድረ ገጹ ፎልደር ውስጥ ከሆነ ማጥፋቱን አትዘግዪ፤ ስለ ቅጂዎቹ ያልኩት አደጋ እሱንም ይመለከታል። ሰርቨሩ መቋረጡን እስኪያውቅ ጊዜ ሊወስድ ስለሚችል ወዲያው ገብተሽ ካጣሽው ትንሽ ቆይተሽ እንደገና እዪ።

መብራት ከሚያስቸግርበት ሰፈር የምትሠሪ ከሆነ ግን ቲመክስ የሚባለውን ፕሮግራም አስጭኚ። ከገባሽ በኋላ መጀመሪያ ቲመክስ፣ ቀጥሎ ናኖ። ግንኙነቱ ቢቋረጥ ናኖ ሰርቨሩ ላይ እንደተከፈተ ይጠብቅሻል። ተመልሰሽ ስትገቢ ቲመክስ፣ ስፔስ፣ አታች ብለሽ ጻፊ፤ ከርሰሩ የተውሽበት ቃል ላይ ነው። ያም ሆኖ ሁለት መስመር በቀየርሽ ቁጥር ኮንትሮልና ኦ፣ ኢንተር።